የምቆጣው ሰው አጣሁ

ገንዘብ መክሰር ያለ ነው፣ ድሮም ነበረ። እኔን የሚያንገበግበኝ ከስሮ የሚቆጡት ሰው ማጣት ነው። የልጅ ልጄ ይኼ አይገባውም። ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ ስልኩ ላይ ያፈጥጣል። «ምን እያየህ ነው?» ስለው «ወርቅ፣ አባባ» ይላል። እኔ ወርቅ የማውቀው ፒያሳ፣ መስኮት ውስጥ ነው፤ ፒያሳም ፈረሰች። እሱ የሚያየው አንዴ ቀይ አንዴ አረንጓዴ የሚሆን መስመር ነው።

ሌቨሬጅ የሚሉትን አስረዳኝ። መቶ ዶላር ታስይዛለህ፤ ደላላው አንድ ለመቶ ያበድርህና በ10,000 ዶላር ትገዛለህ። ዋጋው አንድ በመቶ ከወጣ መቶህ ሁለት መቶ ሆነ። «አንድ በመቶ ቢወርድስ?» አልኩት። «ያው... አካውንቱ ይዘጋል» አለኝ፣ ሱቅ ለምሳ የሚዘጋ ይመስል። ሌሊት እሱ ተኝቶ ዋጋው ይወርድና ተመልሶ ይወጣል። ሲነጋ ወርቁ ቦታው ነው፤ የልጁ ገንዘብ ግን የለም።

የአውሮፓ ተቆጣጣሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ወደዚህ ዓይነት ንግድ ከሚገባው ተራ ሰው ከመቶ 74 እስከ 89 እጁ እንደሚከስር ገልጸው፣ ብድሩ በዋና ዋና ገንዘቦች ላይ ከአንድ ለሠላሳ እንዳያልፍ ወሰኑ። የኛ ልጅ ደላላ እስከ አንድ ለአምስት መቶ ይሰጣል። ቸርነቱ!

እሺ፣ ከሰረ እንበል። ማንን ይክሰስ? የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ከቤታችን በእግር ይደረሳል፤ በሩ ላይ ጠበቃና ማመልከቻ ጸሐፊ ሞልቷል። ደላላው ግን የተመዘገበው ስሟን አጥርቼ መጥራት በማልችላት ደሴት ላይ ነው። መጥሪያውን በጀልባ ላድርስ?

በቁጠባ የሚቆጡት ሰው አይጠፋም፤ ችግሩ የባንኩ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ትሑት ናት። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ አደረገው። በዚያ ወለድ 10,000 ብር ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ የሚወልደው 700 ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ደብተሬን ይዤ መስኮቷ ፊት ቆምኩ። «ብሬ የት ሄደ?» «አልተነካም አባባ፣ ይኸው» ብላ ቁጥሩን አሳየችኝ። እውነቷን ነው፣ አለ። ምን ልበላት?

አክሲዮን ግን ለእንደኔ ዓይነቱ ጨቅጫቃ የተፈጠረ ነው። እርግጥ እሱም ጉድ ያፈላል፦ በ1967 ደርግ ባንኮቹንና ኢንሹራንሶቹን ሲወርስ ስንቱ ወረቀቱን ታቅፎ ቀረ። እስከ ቅርብ ጊዜም ልሽጥ ያለ ሰው ገዢ ፍለጋ በየዘመዱ ይዞር ነበር። ጥር 2 ቀን 2017 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ተከፈተ (ስሙን ለመጨረስ ትንፋሽ ይጠይቃል)፤ ቀድሞ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። ከዚያ በፊት ጥቅምት ላይ ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን በ300 ብር፣ ከ33 አክሲዮን ጀምሮ፣ በቴሌብር መሸጥ ጀምሮ ነበር። 9,900 ብር ያለው ሁሉ መግባት ይችል ነበር። ካቀረበው 100 ሚሊዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረው ሕዝብ ወርቅ እያየ ነበር መሰለኝ።

የአክሲዮን ዋናው ጥቅም ግን ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ከአንድ ባንክ ጥቂት አለችኝ። በዓመት አንድ ቀን ካፖርቴን ለብሼ እሄዳለሁ፤ ሪፖርቱን መነጽሬን አድርጌ እስከ መጨረሻው ገጽ አነባለሁ፤ ከዚያ እጄን አነሳለሁ። ማይኩ በሰው እጅ ተቀባብሎ ይደርሰኛል። «ትርፉ ካደገ የኛ ድርሻ ለምን አላደገም? የቦርዱስ አበል?» ስል አዳራሹ ያጨበጭባል። ሰብሳቢው ላቡን ይጠርግና «የአባታችን ጥያቄ ተመዝግቧል» ይላል። የትርፍ ድርሻዬ ንቅንቅ አላለም፤ የደም ግፊቴ ግን ያን ሳምንት ሐኪሙን ያስገርመዋል።

የልጅ ልጄ ዘንድሮ «ውክልና ስጠኝና እኔ ልሂድልህ» አለኝ። ልቡ ተመለሰ ብዬ፣ የምጠይቃቸውን በወረቀት ጽፌ ልሰጠው ስል፦

«ጥያቄውን ተወው አባባ፤ ቡፌ አለ ሲሉ ሰምቼ ነው።»