የነፍጡ ምስጢር
ከመንዝ መሳፍንት የሚወለዱት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1841 በአንጎለላ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሃሪስ ጋር የወዳጅነት ውል ሲፈራረሙ፣ በገጸ በረከት የመጣው ነፍጥና መድፍ እጃቸው ቢገባም፣ የአሠራሩ ምስጢር ግን፣ ዛሬ የጦር አውሮፕላን ለሚገዙ መንግሥታት የኮምፒውተሩ ኮድ ብዙ ጊዜ ከሻጩ ዘንድ እንደሚቀር ሁሉ፣ እንደ ቅድስተ ቅዱሳን በመጋረጃ ተጋርዶ ባሕር ማዶ ቀረ። ዐፄ ቴዎድሮስ በበኩላቸው በውል አንቀጽ ራሳቸውን አላደከሙም፤ ጥበቡን ከነጠቢቡ ጋፋት ላይ አስቀመጡና፣ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡትን ሚሲዮናውያን «ሴባስቶፖል» የተባለውን መድፍ አሠሯቸው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1868 የንጉሠ ነገሥቱን አምባ መቅደላን ሲይዙ ግን፣ ስለ ባለቤትነት መብት ጠበቃ ሳያማክሩ፣ በዚያ የተከማቹትን የብራና መጻሕፍት በዝሆንና በበቅሎ ጭነው ሄዱ፤ መድፉንማ፣ ንድፉ ምናልባት ስላላማራቸው፣ እዚያው ተዉልን።