ስንተኛ ወጣህ?

አዲስ አበባ ውስጥ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው መንገድ ላይ ሲሮጥ ከታየ፣ ወይ ታክሲ ሊያመልጠው ነው፣ ወይ ስልኩን የነጠቀውን ልጅ እያሳደደ ነው፣ ወይ ደግሞ ነጣቂው እሱ ራሱ ነው። አራተኛ ምክንያት አይታወቅም። አበበ ቢቂላን፣ ምሩጽ ይፍጠርን፣ ደራርቱ ቱሉን ያፈራ ሕዝብ ሩጫ የሚወደው በቴሌቪዥን ነው፤ ያውም ቡና ተፈልቶ፣ ፈንዲሻ ቀርቦ። ሩጫው ከቴሌቪዥኑ ወጥቶ ሰፈር ሲገባ ግን "ምን ሆኖ ነው?" ይባላል።

ይህን የተረዳሁት ወደ ሩጫ በተመለስኩ ሰሞን ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከቂርቆስ ወደ መስቀል አደባባይ ሳዘግም አንድ ሚኒባስ ከጎኔ ቀስ አለ። ረዳቱ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ "ፋዘር፣ ይረጋጉ! ቦታ አለ!" አለኝ። በእጄ "ሂዱ" አልኩት። ደግ ልጅ ነው፤ "ኧረ አይሩጡ፣ እንጠብቅዎታለን!" ብሎ መኪናውን አስቆመው። በሩ ተከፈተ። እንቅልፍ ባልለቀቃቸው ተሳፋሪዎች ፊት ቆሜ፣ ትንፋሼ እየተቆራረጠ፣ "ስፖርት... እየሠራሁ... ነው" አልኩ። ሁሉም ዝም አሉ። ከኋላ ወንበር አንዲት ሴትዮ "እግዜር ይማርዎት" አሉኝና በሩ ተዘጋ።

ባይመስልም የምመለስበት ነገር ነበረኝ። ከኃይሌ ገብረሥላሴ ጋር ሮጫለሁ። ይህንን በየሰርጉና በየለቅሶ ቤቱ ስናገር ኖሬአለሁ፤ አንዲት ውሸት የለበትም። ኅዳር 1994 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ሲካሄድ ከአሥር ሺሁ ተሳታፊ አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ኃይሌም ነበረ። እሱ አንደኛ ወጣ። በእሱና በእኔ መካከል የገቡት ጥቂት ሺህ ሰዎች ብቻ ናቸው።

ከዚያ ሥራ መጣ፣ ትዳር መጣ፣ ልጆች መጡ፣ ስብሰባ መጣ፤ ከስብሰባው ጋር ብስኩት መጣ። ቦርጩ በአንድ ጀምበር አልበቀለም። ለሁለት ቀን ብሎ ከገጠር እንደመጣ ዘመድ ቀስ ብሎ ገብቶ፣ ቦታ ይዞ፣ በዚያው ቀረ። በመጨረሻ ሐኪሙ የደም ምርመራዬን ወረቀት ትኩር ብሎ አየና "ጋሼ፣ ስኳርዎ ድንበር ላይ ቆሟል፤ ወይ በእግርዎ ይሂዱ፣ ወይ እንክብል እንጀምር" አለኝ። በእግር መሄድማ የሽማግሌ ነው ብዬ ሩጫውን መረጥኩ።

መጀመሪያ ጫማ ያስፈልጋል። ሻጩ "ኦርጅናል ነው" አለኝ፤ ኦርጅናል የሆነው ዋጋው ነበር። ባለቤቴ ዋጋውን ስትሰማ ጊዜ አላጠፋችም፤ "አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል እንዴ ያሸነፈው?" አለች። ከታሪክ ጋር ክርክር አይገጠምም። በ1952 ዓ.ም. የጳጉሜን የመጨረሻ ቀን፣ አገር ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ሲገዛ፣ አበበ ሮም ላይ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ያለ ጫማ ሮጦ ወርቅ አምጥቷል። ሆኖም ሮም ውስጥ የእኛ ሰፈር የጠርሙስ ስባሪ አልነበረም ብዬ ተከላከልኩና ገዛሁት።

መስቀል አደባባይ ንጋት ላይ ሌላ አገር ነው። አደባባዩ በ2013 ዓ.ም. ታድሶ ተመረቀ እንጂ ልማዱ የቆየ ነው፤ ከታችኛው ደረጃ ይጀመራል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሮጣል፣ አንድ ደረጃ ይወጣል፣ ተመልሶ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሮጣል፤ እንዲህ እየተባለ እስከ ላይ። የክለብ ቱታ የለበሱ ልጆች፣ ቦክሰኞች፣ ሻሽ ያሰሩ እናቶች፣ የእኔ ቢጤ የቢሮ ሰዎች፣ ሁሉም በአንድ ደረጃ ይመላለሳሉ። እዚያ "ለምን ትሮጣለህ?" ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ጠያቂው ራሱ ትንፋሽ አጥሮታል።

ስለ ትንፋሽ ካነሳን አይቀር፣ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት፤ እንጦጦ ደግሞ 3,000ን ያልፋል። አየሩ ስስ ነው። የውጭ አገር ሯጮች ደማቸው ይህን ከፍታ እንዲለምድ ገንዘብ ከፍለው፣ አውሮፕላን ተሳፍረው ሱሉልታ ድረስ ይመጣሉ። በጥቂት ሳምንት ለምደው ይሄዳሉ። እኔ ተወልጄበት እስካሁን አልለመድኩትም።

ከደረጃው ላይ አንዲት ቀጭን የክለብ ልጅ አለች። እኔ አንዱን ደረጃ እስክጨርስ ደጋግማ ታልፈኛለች፤ ባለፈች ቁጥር "አይዞን!" ትላለች። አንድ ቀን ፍጥነቷን ቀነሰችልኝና "ጋሼ፣ ትከሻዎን ይልቀቁት፤ ጨምድደው ይዘውታል" አለችኝ። ትከሻዬን ስለቀው ሆዴም አብሮ ተለቀቀ። ቀጠለች፤ "ግራ እጅዎንም አጥፈው ደረትዎ ላይ ለጥፈውታል።"

"ኃይሌም እኮ እንደዚህ ነው የሚሮጠው" አልኳት።

"እሱማ በልጅነቱ አሥር ኪሎ ሜትር ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ ደብተሩን በዚያ እጁ ይዞ ስለለመደ ነው። እርስዎ ምን ይዘው ነው?"

መልስ አልነበረኝም፤ ትንፋሽም አልነበረኝም።

ከእሷ ምክር ይልቅ የሚያደክመው የሰፈር አሠልጣኝ ነው። በዚህ አገር ሮጦ የማያውቅ ሰው ይገኛል፤ ሩጫ የማያውቅ ግን አይገኝም። ሁላችንም የአሥር ሺህ ሜትር ፍጻሜ ሌሊት ተነስተን እያየን፣ "አሁን ዙሩን አክርሪው! ኬንያዊቷን አታስጠጊያት!" እያልን ነው ያደግነው። ከቤቴ ወረድ ብሎ ባለው የጀበና ቡና መሸጫ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ጡረተኞች ሳልፍ ሳገድም ታክቲክ ይሰጡኛል። አንደኛው "መጀመሪያ ላይ አትቸኩል፤ ምሩጽ ሞስኮ ላይ ምን አደረገ? አድብቶ አድብቶ መጨረሻ ላይ ማርሽ ቀየረ!" ይላሉ። እውነት ነው፤ በ1972 ዓ.ም. አምስት ሺሁንም አሥር ሺሁንም የጠቀለለው እንዲያ አድርጎ ነው። ነገር ግን ለመቀየር ማርሽ መኖር አለበት። እኔ ያለኝ አንደኛና የኋላ ማርሽ ነው። ሌላኛው ጡረተኛ በሶ አዘዙልኝ። በሶው ጥሩ ነው፤ ብቻ ባለቤቴ በቁርስ ፋንታ ነው ብላ አልተረዳችውም፣ እኔም አላስረዳኋትም።

እንዲህ እንዲህ እያልን ኅዳር ደረሰ። የታላቁ ሩጫ ቲሸርት የመግቢያ ወረቀትም ነው፤ እሑድ ጠዋት ከተማው በሙሉ አንድ ቀለም ለብሶ ወደ አደባባዩ ይተማል። ያኔ አሥር ሺህ የነበርነው አሁን ከ40 ሺህ በላይ ሆነናል። ዋናዎቹ አትሌቶች ከፊት ይነሳሉ፤ ወንዶቹ አሥሩን ኪሎ ሜትር ከ30 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጨርሱታል። ድምፅ ማጉያው "አሸናፊዎቹ ሊገቡ ነው!" ብሎ ሲጮኽ እኔ ገና የመነሻውን መስመር በመፈለግ ላይ ነበርኩ።

ዓላማዬ ሳልራመድ መጨረስ ነበር። ከዚያ በኋላ የቀደሙኝን መዘርዘር ጊዜ ይፈጃል። ከበሮ ይዘው የሚጨፍሩ ጎረምሶች ቀደሙኝ። ጎፈርና ጋሻ የያዘ ሰው ቀደመኝ። ሁለት ልጃገረዶች በእግራቸው እየሄዱ፣ ፎቶ እየተነሱ ቀደሙኝ፤ ይህ ልቤን ነካው፤ ምክንያቱም እኔ እየሮጥኩ ነበር። ልጁን ትከሻው ላይ ያፈናጠጠ አባት ሲያልፈኝ ሕፃኑ ዞር ብሎ አየኝና "አባዬ፣ ሰውዬው ደክሟቸዋል፣ ውሃ ስጣቸው" አለ። አባትየው ሰጠኝ፤ ጠጣሁ። ዳገቱ ላይ ከግቢያቸው በር በጎማ ውሃ የሚረጩ እናት ጭንቅላቴን አራሱልኝ። የሰፈር ልጆች "ኃይሌ! ኃይሌ!" ብለው ጮሁልኝ፤ ደረቴን ነፋ ሳደርግ አንደኛው አስተዋለኝና "ኧረ የኃይሌ አባት ናቸው" አለ። ኃይሌ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል።

ጨረስኩ። በአንድ ሰዓት ከአሥራ ምናምን ደቂቃ፤ ምናምኑን ለራሴ ይዤዋለሁ። ቀነኒሳ በቀለ በ1997 ዓ.ም. ብራሰልስ ላይ ይህንኑ ርቀት በ26 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ገብቷል፤ በእኔ ሰዓት ሁለቴ ሮጦ በመሐሉ ቡና ይጠጣ ነበር ማለት ነው። አበበ ደግሞ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ማራቶኑን አሸንፎ ሲያበቃ ሣሩ ላይ በጀርባው ተኝቶ እግሩን ወደ ላይ እያወራጨ ጂምናስቲክ ሠርቷል። እኔም በጀርባዬ ተኛሁ። እግሬን ግን ማን ያንሳው።

ከዚያ ጥያቄው ጀመረ። የግቢው ጥበቃ፦ "ስንተኛ ወጡ?" የቢሮ አለቃዬ፦ "ስንተኛ ወጣህ?" አማቴ በስልክ፦ "ስንተኛ ወጣህ ልጄ?" በስንት ሰዓት ገባህ የሚል ሰው የለም። ከአንድ እስከ ሦስት ካልተገባ ምን ፍለጋ እንደሚሮጥ ለማንም አይገባውም። "ብዙ ሰው ስለነበረ..." ብዬ ስጀምር ፊታቸው ላይ ሐዘኔታ ይወርዳል። ሜዳሊያ ለጨረሰ ሁሉ ይሰጣል፤ እናቴ የእኔን ከቡፌው በላይ ከልጆቼ የምረቃ ፎቶ ጎን ሰቅላዋለች። እንግዳ ስንተኛ እንደወጣሁ ሲጠይቃት "ታላቁ ሩጫ እኮ ነው" ትልና ቡና መቅዳት ትቀጥላለች።

ሰፈሩ ግን መላ አላጣም። እንዲሁ በከንቱ የሚሮጥ ጎልማሳ ማየት ሲሰለቸው ለሩጫዬ ሥራ ፈለገለት። የእድራችን ሊቀመንበር ጥሩንባ ነፊው ማርጀታቸውን ነግረውኝ "አንተ መቼም ዞረህ ዞረህ ነው የምትመጣው፤ እየሮጥክ መንፋት ትችላለህ?" ሲሉ ጠየቁኝ። ትንፋሼን አሰማኋቸውና ሐሳቡን ተዉት። ከፊት ለፊታችን የሚኖሩት እማማ ግን የሚተዉ አይደሉም። አንድ ጠዋት ነጠላቸውን ተከናንበው በር ላይ ጠበቁኝ። "ልጄ፣ መሮጥህ ካልቀረ ስትመለስ አምስት ዳቦ ይዘህልኝ ና።"

ይኸው ከዚያ ወዲህ ከአደባባዩ ስመለስ ዳቦ ቤቱ በር ላይ እቆማለሁ፤ ፌስታሉን ግራ ብብቴ ሥር ሸጉጬ ዳገቱን እይዘዋለሁ። የክለቧ ልጅ አንድ ቀን በሚኒባስ ስታልፍ አይታኝ በመስኮት "አሁን ገባኝ፣ ጋሼ!" ብላ ጮኸችልኝ። ልጄ የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት ገዝቶልኛል፤ ነገር ግን ሰዓቴን በትክክል የሚይዙልኝ እማማ ናቸው። ዳቦውን ከፌስታሉ አውጥተው በመዳፋቸው ያዝ ያደርጉታል። ትኩስ ከሆነ ዝም ብለው ይገባሉ። ለብ ካለ ግን "ምነው ዛሬ? ትናንት እኮ ቅቤ ያቀልጥ ነበር። አሞሃል?" ይሉኛል። እንዲህ ያለ አሠልጣኝ ጠዋት ሲያገኝ ማንም ሰው በማግስቱ ዙሩን ያከረዋል።

ለመጪው ኅዳር እንደተመዘገብኩ የነገርኳቸው እለት ዳቦውን እንደያዙ ቆም አሉ።

"ስንት ሰው ነው የሚሮጠው?"

"ከአርባ ሺህ በላይ ነው፣ እማማ።"

"ይህ ሁሉ ሰው ሮጦ ሮጦ" አሉ፣ "አንድ እንኳ ዳቦ ይዞ የሚገባ የለም?"