የአቶ ተከፍሏል አጭር የሕይወት ታሪክ

ውድ ለቀስተኞች፣ የእድራችን ዳኛና ጸሐፊ፣ ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁ ዘመድ ወዳጆች፣ በተለይም ታክሲው ተወዶባችሁ በእግራችሁ የመጣችሁ፤

የሟችን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ የተመረጥኩት የሥጋ ዘመዳቸው ስለሆንኩ አይደለም። በዚህ ድንኳን ውስጥ ከእኔ የበለጠ በእሳቸው የተጠቀመ ሰው ስለሌለ ነው። ተማሪ ሳለሁ ከወር ወር ያሻገሩኝ እሳቸው ናቸው። እናንተም ብትሆኑ አቀርቅራችሁ መሬት አትዩ፤ በእሳቸው ያልበላ የለም።

አቶ ተከፍሏል ከእናታቸው ከወይዘሮ ይሉኝታና ከአባታቸው ከአቶ ኩራት በአዲስ አበባ ከተማ ተወለዱ። ዘመኑ በውል አይታወቅም። አንዳንድ ሽማግሌዎች የተወለዱት ጠጅ ቤት ነው ይላሉ፤ አንዱ ጥግ ያለ ሰው ሌላው ጥግ ለተቀመጠ የአገሩ ልጅ «ለሱም ቅጂለት፣ በእኔ ነው» ያለ ዕለት። ዕድገታቸው ግን ታክሲ ውስጥ መሆኑ አያከራክርም። ወጣቶች አልደረሳችሁበትም እንጂ «ውይይት» የሚባል ታክሲ ነበረን። ከኋላው ግራና ቀኝ አግዳሚ ተዘርግቶለት፣ ተሳፋሪው ፊት ለፊት እየተያየ፣ ጉልበት ለጉልበት እየተጋጨ የሚሄድበት መኪና ነው። ስሙንም ያገኘው ከዚሁ ነው። እዚያ ውስጥ መደበቂያ የለም። የምታውቀው ሰው መጥቶ ፊትህ ከተቀመጠ ወይ ትከፍልለታለህ ወይ ይከፍልልሃል። ረዳቱ እጁን ሲዘረጋልህ «የአንተ ተከፍሏል» ይልሃል። ዞር ስትል የጎረቤትህ ልጅ፣ ወይም ድሮ በአለንጋ የገረፈህ አስተማሪህ ጥርሱን ብልጭ ያደርግልሃል። «ኧረ ምነው፣ ምነው!» ትላለህ፤ ሳንቲሟ ግን ኪስህ ውስጥ ናት።

ሚኒባስ መጥቶ ሰው የሰው ማጅራት እያየ መሄድ ሲጀምር አቶ ተከፍሏል አበቃላቸው ተብሎ ነበር። አላበቃላቸውም። እንዲያውም ጎለመሱ። ከመጨረሻው ወንበር አንድ ብር ተነሥታ፣ በአምስት የማይተዋወቅ ሰው እጅ ተቀባብላ፣ ረዳቱ ዘንድ ትደርስና «ከፊት ያለው ባለ ኮፍያም ከዚሁ» ትባል ነበር። ባለ ኮፍያው ማን እንደከፈለለት ሳያውቅ የሚወርድበት ጊዜ ብዙ ነው። እኔም እስከ ዛሬ ያላወቅኋቸው ሁለት ሦስት ሰዎች አሉብኝ።

በሙሉ ጉልበታቸው የታዩት ግን ምግብ ቤት ነው። ሂሳቡ መጣ ማለት ጦርነት ታወጀ ማለት ነበር። «አምላክን! እንዳትቀበይው!» «የእሱን ከተቀበልሽ ሁለተኛ እዚህ ቤት አልመጣም!» አስተናጋጇ መሐል ቆማ የሁለት ጎልማሶች ክንድ እያየች ትጠብቃለች። የረቀቁት ደግሞ ግብግብ ውስጥ አይገቡም፤ ምግቡ ሳይጋመስ «እጄን ልታጠብ» ብለው ይነሡና ባንኮኒ ዘንድ ሄደው ከፍለው፣ እጃቸውን ሳያርሱ ተመልሰው ይቀመጣሉ። እኔና አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ በጥብስ ሂሳብ ስንጓተት መቶ ብር ለሁለት ቀድደን እናውቃለን። አስተናጋጇ ሁለቱንም ግማሽ ተቀብላ በፕላስተር ለጥፋ መልስ አመጣችልን። መልሱንም ማን ይውሰድ ብለን ተጣላን።

በእነዚያ ዘመናት ሟች ሁልጊዜ የሚናገሯት አንዲት ቃል ነበረች። «አንተማ አትከፍልም! ሞቼ እገኛለሁ!»

እነሆ፣ ሞተው ተገኙ።

ሕመማቸው የጀመረው ከዓመታት በፊት ነው። በግንቦት 2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የምግብ ዋጋ ግሽበት በዓመት 43.9 በመቶ መድረሱን ሲያስታውቅ እሳቸው ቀድመው አልጋ ይዘው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ታላቅ ወንድማቸው አቶ ላድርስህ ዐረፉ። እሳቸውን የገደላቸው ነዳጅ ነው። በ2014 ክረምት መንግሥት ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ሲጀምር ቤንዚን በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ፤ 2017 ሳይጋመስ መቶ ብር አለፈ። አቶ ላድርስህን ለማታውቋቸው፣ መኪናቸውን አጠገባችሁ አቁመው «ግባ፣ መንገዴ ነው» የሚሉ ሰው ነበሩ። ውሸታቸውን ነው፤ መንገዳቸው አልነበረም። ሲኤምሲ የሚሄድ ሰው ጀሞ የሚሄደውን «መንገዴ ነው» ብሎ ይጭነው ነበር። የዛሬ ባለመኪና ግን መጀመሪያ «ወዴት ነህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን ሰምቶ በተቃራኒው ይሄዳል። ማደያ ገብቶ «ፉል አድርገው» የሚለውም ሰው ጠፍቷል። «የአምስት መቶ ብር» ይባላል፣ ቆጣሪው እንደ ሕመምተኛ የልብ ምት በዓይን ይጠበቃል።

ታናሽ እህታቸው ወይዘሮ ምራቂም በዚሁ ሰሞን አለፉ። ጉሊት ላይ የቲማቲሙ ኪሎ ከሞላ በኋላ አንድ ፍሬ አንሥተው ጣል የሚያደርጉት እሳቸው ነበሩ። አሁን ሻጯን «መርቂልኝ» ያለ ደንበኛ «እግዚአብሔር ይባርክህ» የሚል ምርቃት ብቻ ተቀብሎ ይሄዳል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ሲወሰን 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት መቶን ተሻገረ። ከዚያ በኋላ የሟች ሐኪሞች ተስፋ ቆረጡ። ሜኑ ላይ የዋጋው ቁጥር በትንሽ ወረቀት ይሸፈን ጀመር፤ በወር በወረቀቱ ላይ ሌላ ወረቀት። አንድ ምግብ ቤት የክትፎውን ዋጋ በጥፍሬ ብልጠው ከሥር ሦስት ዘመን አገኘሁ። ሰዉም ሜኑን እንደ ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ማንበብ ለመደ፤ መጀመሪያ ዋጋው ይነበባል፣ የምግቡ ስም በኋላ ይደረስበታል። «ከነቫቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ «ጥብሱ ለስላሳ ነው?» የሚለውን ተካ፤ 15 በመቶ ነው፣ ቀላል አይደለም።

የእኛ ምርጫ ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደወረደ ላስታውሳችሁ። ጥብስ ይበላ የነበረው ወደ በያይነቱ ወረደ። በያይነቱ ይበላ የነበረው ምሳ ቋጥሮ መምጣት ጀመረ። ማኪያቶ ጠጪው መንገድ ዳር ጀበና ቡና ዘንድ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። በርጩማው ላይ የነበረው ደግሞ «ሐኪም ቡና ከልክሎኛል» አለ። ሌላው «አሁን ነው የበላሁት» ይላል፣ ሆዱ እየጮኸ። አንድ ወዳጄ ምሳ እንብላ ስለው «ጾም ነኝ» አለኝ። በዓለ ሃምሳ ነበር። ፋሲካ ካለፈ ሁለት ሳምንት አልሞላውም። እኔም አልተከራከርኩትም፤ ተከራክሬ ባሸንፈው ልጋብዘው ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ሟች ቸር ሰው ናቸው ተብለው ሲወደሱ ኖረዋል፤ እኔ ግን ቸርነታቸውን እጠራጠራለሁ። ሥራቸው እቁብ ነበር፤ ሰብሳቢና ደብተር የሌለው እቁብ። ዛሬ እኔ፣ በሚቀጥለው አንተ፤ ማንም አይጽፍም፣ ሁሉም ያስታውሳል። እቁቡ የሚሠራው ታዲያ የዛሬው ማኪያቶና የዛሬ ወር ማኪያቶ ዋጋቸው ከተቀራረበ ነው። ዋጋ በየወሩ ሲሮጥ ኋላ የመክፈል ተራ የሚደርሰው ሰው ተበዳይ ይሆናል። በሂሳብ ካሰብነው እንዲህ ባለ ጊዜ ብልጥ ሰው ዛሬ ጋብዞ ነገ ተጋባዥ መሆን ነበረበት፤ ነገ ይጨምራልና። እኛ ግን ብልጠቱም አልመጣልንም። ለነገው ግብዣ እርግጠኛ መሆን ስላልቻልን የዛሬውን ተውነው።

አሁን ወደ አሟሟታቸው ልምጣ። ብዙ ተጠርጣሪ አለ፤ ነዳጅም፣ ዘይትም፣ ኩንታሉ ከዐሥር ሺህ ብር ያለፈው ማኛ ጤፍም። እኔ ግን ሲሞቱ አጠገባቸው ነበርኩና እውነቱን ልናገር።

አንድ ማክሰኞ ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ ሚኒባስ ተሳፍሬ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። አንድ ሰው ገቡ፤ አየኋቸው፤ ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩኝ ናቸው። ድሮ «ውይይት» ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ከፍለውልኛል። ከፊቴ ባለው መደዳ፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጡ። ኪሴ ውስጥ ያለችውን ቆጠርኩ፤ የእኔ መሄጃና መመለሻ ነበረች፣ የእሳቸውን ብጨምር ማታ በእግሬ ነኝ። ስልኬን አወጣሁና አቀረቀርኩ። ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር፤ የጠፋ ስልክ ላይ አፍጥጬ መንገዱን ሙሉ ሄድኩ። ረዳቱ «የኋላ ሂሳብ!» ሲል እጄን ብቻ አሻግሬ ሰጠሁ። በመካከሉ በዓይኔ ቂጥ ሳይ፣ የኔታ አንገታቸውን ወደ መስኮቱ ጠምዝዘው፣ የቆርቆሮ አጥር ብቻ የሚታይበትን መንገድ እንደ ፊልም እያዩ ነበር። እዚያ የሚታይ ነገር የለም። መስታወቱ ላይ ግን የኋላው ወንበር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለካ እሳቸውም አይተውኛል።

አራት ኪሎ ሁለታችንም ወረድን። እሳቸው ወደ ግራ፣ እኔ ወደ ቀኝ። መንገዴ ግን በግራ ነበር።

የሟች ነፍስ የወጣችው ያኔ ነው። ያልተከፈለውን ብር እርሱት። ገንዘቡን ለማዳን ብለን ሰላምታችንን አብረን ቀበርን። ሰው ላለመክፈል ሰው አለማየት ጀመረ።

አቶ ተከፍሏል አንድ ወንድ ልጅ ተክተዋል። ስሙ ለብቻ-ለብቻ ይባላል። አስተናጋጇ ሂሳብ ስታመጣ «አንድ ላይ ነው ወይስ ለብቻ ለብቻ?» ብላ የምትጠይቀው እሱን ነው። ኪሱ ውስጥ ሒሳብ ማሽን አለ፤ ውሃውን ማን እንደጠጣ፣ አንዷን እንጀራ ማን እንዳስጨመረ ያውቃል። «ቁጥርህን ንገረኝ፣ ድርሻዬን በቴሌብር ልላክልህ» ይላል። የአባቱንም ስም ወርሷል፣ እንደሚመቸው አድርጎ። ባለፈው አራት ሆነን ምሳ በልተን የምግብ ቤቱ ባለቤት «ተከፍሏል?» ቢሉን «አዎ፣ ለአራት ተከፍሏል» አለ። አያችሁ፣ ቃሉ አልሞተም። ሞቶ የተገኘው አንደኛው ፍቺው ነው።

ልጁን አልጠላውም፤ ይህ ይታወቅልኝ። መከፋፈል ለእኛ ባዕድ ነገር አይደለም። ለበዓል በሬ ጥለን ሥጋውን በመደብ በመደብ ዘርግተን በዕጣ ስንካፈል ማንም አፍሮ አያውቅም። በዚህ ደመወዝ አራት ሰው የሚያበላ ጀግና ካለ እሱን ሐኪም ይየው። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ለብቻ-ለብቻ በሚገዛው ጠረጴዛ ላይ ድርሻው የሌለው ሰው አይቀመጥም። በአባቱ ዘመን ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው መጥቶ፣ በልቶ፣ ተጫውቶ፣ «እኔ ልክፈል» ብሎ ባዶ ኪሱን እየዳበሰ ታግሎ፣ ተሸንፎ፣ በክብር ይሄድ ነበር። ሁላችንም ባዶ መሆኑን እናውቃለን፤ ግን እንታገለው ነበር። አሁን ያ ሰው አይመጣም። «ሥራ በዛብኝ» ይላል፤ ሥራ ከፈታ ስምንት ወሩ ነው። አራት የነበርነው ሦስት ሆነናል፤ ሒሳብ ማሽኑም ለሦስት ማካፈሉን ለምዶታል።

ሥርዓተ ቀብሩ በዚሁ ተፈጽሟል። ንፍሮው ዘንድሮ ሽንብራ የለውም፤ ስንዴ ብቻ ስለሆነ እድሩ ይቅርታ ይጠይቃል። ከዚህ ስትመለሱ በየታክሲው የምትሳፈሩ፣ ሂሳባችሁን በየራሳችሁ አዘጋጁ። የድንኳኑ፣ የወንበሩና የጥሩምባ ነፊው ክፍያ ገና አልተሰጠም፤ ጸሐፊው ደብተራቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል።

ንግግሬን ስጀምር «እጃችንን ልንታጠብ» ብላችሁ ወጥታችሁ እስካሁን ያልተመለሳችሁ ስድስት ሰዎች፣ እባካችሁ ተመለሱ። በዚህ ሰፈር ውሃ ከጠፋ ሦስት ቀኑ ነው።