የባዛር ሥዕል አሰቃቀል

በባዛር ድንኳን የሚሰቀል ሥዕል ዋና ተግባሩ ብርድ ልብስ ሻጩን ከሻምፑ ሻጩ መለየት ነው። በአዳማም ሆነ በቢሾፍቱ፣ በሞጆም ሆነ በሻሸመኔ የበዓል ባዛር ቦታ የሚደለደለው በታወቀ ሥርዓት ነው፤ መግቢያው ለቢራ፣ መካከሉ ለልብስና ለጫማ፣ ከዚያ የተረፈው፣ መጸዳጃ ቤት አጠገብ ያለው፣ ለኪነ ጥበብ። ኪነ ጥበብ አለመዘንጋቱም በመክፈቻ ንግግሩ ይረጋገጣል፤ ስሙ አንድ ጊዜ ይጠራል።

ሥዕሉን ለመስቀል ሲባጎና የድንኳኑ ብረት ይበቃሉ። ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች የሥዕሉ መካከል ከመሬት 1.5 ሜትር ገደማ፣ ከሰው ዓይን ትይዩ እንዲውል ያደርጋሉ፤ በሥዕልና በሥዕል መካከልም ባዶ ቦታ ይተዋሉ። ባዛሩ እንዲህ ያለ ብክነት አይወድም። ኪራዩ በካሬ ተከፍሏልና ሥዕሉ ከጣሪያ ይጀምርና እስከ አቧራው ይወርዳል። ጀበናዋ ላሊበላን ትገፋለች፣ አንበሳው የሙሽራዋን ጉልበት ይሸፍናል።

ነፋሱ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው። የአዳማን ነፋስ አገር ያውቀዋል፤ በከተማዋ ዙሪያ ባሉ ኮረብታዎች ላይ 136 ተርባይኖች ቆመውለታል፤ አዳማ አንድና ሁለት የተባሉት ጣቢያዎች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ለተርባይኖቹ የኮንክሪት መሠረት ፈሶላቸዋል። ለሥዕሉ ድንኳን ደግሞ ሁለት ድንጋይና ማገሩን ይዞ የሚቆም አንድ ወጣት ተመድቦለታል። በማዳበሪያ ከረጢት አሸዋ ሞልቶ በእያንዳንዱ የድንኳኑ እግር 20 ኪሎ ማሰር ይቻል ነበር፤ ያ ግን ድንኳኑን ከቦታው እንዳይነሣ ስለሚያደርገው ለትርዒቱ ድምቀት አይመከርም።

ፀሐይም የራሷ ድርሻ አላት። ሙዚየሞች ለውሃ ቀለም 50፣ ለዘይት ቀለም 200 ሉክስ ገደማ ብርሃን ሲፈቅዱ፣ የቀትር ፀሐይ እስከ 100,000 ሉክስ ትደርሳለች። የባዛር ጎብኚ ለዘይት ቀለም ከተፈቀደው 500 እጥፍ ብርሃን በነፃ ያገኛል ማለት ነው፤ ቀለሙ ቢደበዝዝ ታዲያ ምን ያስገርማል! አክሪሊክ ሲሞቅ ስለሚለሰልስ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ የተቀመጠው ሥዕል ከላስቲኩ ጋር ይዋሐዳል። ጥላ የሚፈልግም አይጠፋም፤ እሱ በስፖንሰሩ ባለቀለም ሸራ ሥር ይጠለላል፤ ሰማያዊ ከሆነ መስኩም ፈረሱም ሰማያዊ ይሆናሉ፣ ቢጫ ከሆነ ሁሉም የወባ በሽተኛ ይመስላል።

ተመልካች በጸጥታ እንዳይጨነቅ ሞንታርቦው ከድንኳኑ ፊት ለፊት ይቆምለታል። ሠዓሊው ብዙ ጊዜ ስለሌለ ስለ ሥዕሉ የሚያስረዳው የአክስቱ ልጅ ነው። ዋጋ አይለጠፍም፤ የጠያቂው ጫማ ታይቶ ይነገራል። የተለመዱት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፦ «ከሶፋችን ጋር ይሄዳል?» እና «አንድ ፎቶ ብንነሳስ?»። ለሁለተኛው ክፍያ የለም። ሥዕል የመግዛት ሐሳብ የመጣበት ሰው ደግሞ ቀጥሎ ካለው ድንኳን በማሽን የታተመውን ፏፏቴ፣ ፍሬሙ ወርቃማ ነውና፣ በግማሽ ዋጋ ይዞ ይሄዳል።

ሥዕልን አደባባይ ማውጣት በራሱ ነውር እንዳልሆነ የሚያስረዱ ግትሮች አሉ። በኒው ዮርክ ዋሽንግተን ስኩዌር እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ ሠዓሊዎች ሥራቸውን በመንገድ ላይ ሸጠዋል ይላሉ። ቢሾፍቱ ላይ ደግሞ በፍየል ቆዳ ላይ በመሣል የታወቁት ሠዓሊ ለማ ጉያ ለሥራዎቻቸው ግድግዳና ጣሪያ ያለው ሙዚየም አቁመዋል። ግድግዳ ለሥዕል ይጠቅማል የሚለው ይህ ሐሳብ እስከ አዳማ ያለውን ግማሽ መንገድ ቢጨርስም ባዛሩ በር ላይ ገና አልደረሰም።

ባዛሩ ሲያበቃ ያልተሸጠው ሥዕል፣ ማለትም አብዛኛው፣ ከፍራሽ በታች በአይሱዙ ተጭኖ ለቀጣዩ በዓል ወደ ሌላ ከተማ ይጓዛል። የቦታው ኪራይ ግን አይመለስም።