ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው

የምኖርበት ከተማ ሲልቨር ስፕሪንግ ይባላል፤ «የብር ምንጭ» እንደ ማለት ነው። ከዋሽንግተን ጫፍ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ያለ፣ እንጀራና በርበሬ ከሰፈር ሱቅ የሚገዛበት ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌር የተባለ ሰው እዚህ አንድ ምንጭ አገኘ፤ ውሃው ውስጥ ሲያብለጨልጭ ያየው ግን ብር ሳይሆን ማይካ የሚባል ማዕድን ነበር። ይህን ታሪክ ቀደም ብዬ ሰምቼው ቢሆን 150 ዶላሬ እስካሁን ኪሴ ውስጥ ነበር።

በ150 ዶላሩ ያገለገለ የብረት መፈለጊያ፣ ማለትም ዲቴክተር፣ ገዛሁ። ከገዛሁ በኋላ የገባኝ ዲቴክተር የማይቆፍር መሆኑ ነው። እንደ ወሬኛ ጎረቤት «እዚህ ጋ የሆነ ነገር አለ» ብሎ ይጮህና ዞር ይላል፤ የቀረው የባለቤቱ ጣጣ ነው። እኔ ደግሞ ያለችኝን በሙሉ ለወሬኛው ከፍዬ ጨርሻለሁ።

ሌላው ጣጣ ቦታው ነው። እዚህ አገር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ዋሽንግተን ውስጥ ያለውን ሮክ ክሪክን ጨምሮ፣ በዲቴክተር መፈለግ ይቅርና ይዞ መገኘትም ክልክል ነው። ስለዚህ የሰው ግቢ ማስፈቀድ ግድ ሆነ። ደግነቱ ጋሼ አሉ። ከታክሲ ሥራ ጡረታ ወጥተው ጓሯቸው ውስጥ ጎመን፣ ቃሪያና ጤና አዳም የሚተክሉ ጎረቤቴ ናቸው። ቤታቸው አሮጌ ነው። እስከ 1964 እ.ኤ.አ. የተመቱ ዳይምና ኳርተር የሚባሉ ሳንቲሞች 90 በመቶ ብር መሆናቸውን ነግሬ አስጎመጀኋቸው።

«ፈልግ ልጄ። የተገኘውን እኩል ነው። ጎመኔን ግን እንዳትነካብኝ» አሉ።

የመጀመሪያው ቀን መቆፈሪያዬ የባለቤቴ ቢላ ነበር። እናቷ ከአገር ቤት የላኩላት፣ ለዶሮ ብልት ካልሆነ ከመሳቢያ የማይወጣ ቢላ። ዲቴክተሩ ጮኸ፤ ልቤም አብሮ ጮኸ። ወጋሁት፣ ፈለቀቅሁት፣ ድንገት ቀጭ አለ። የሜሪላንድ ቀይ ሸክላ አፈር በሐምሌ ሲደርቅ ጡብ ነው። የቢላው ጫፍ እዚያው ቀረ፤ እኔም በጣቴ ጭሬ አንድ የድሮ ቢራ ጣሳ መክፈቻ ቀለበት አወጣሁ። ይህቺ የአሉሚኒየም ቀለበት የቆፋሪ ሁሉ ጠላት ናት፤ ዲቴክተሩ ጆሮ ውስጥ ድምጿ ከወርቅ ቀለበት ጋር ይመሳሰላል።

ማታ ባለቤቴ ቢላውን ወደ መብራቱ አስጠግታ አየችው። «አፍንጫው የት ሄደ?»

«ድንች ስልጥ…»

«የድንጋይ ድንች ነው?»

በማግስቱ ከርካሽ ዕቃ ሱቅ በ1.25 ዶላር የአትክልት መኮትኮቻ ገዛሁ። ማንኪያ ይመስላል፤ ጠባዩም የማንኪያ ነው። ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ አንገቱ ታጥፎ ወደ ኋላ ዞሮ አየኝ።

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። እኔ የገበሬ ልጅ አይደለሁም? 28 ዶላር አውጥቼ ዶማ ገዛሁ። ዶማ ስይዝ እንደ አያቴ ሆንኩ፤ ጉልበቴ እስኪደርስ ወረድኩ። በዚህ መሃል የጋሼን ጎመን የሚያጠጣውን የላስቲክ ቧንቧ ለሁለት ከፈልኩት። ውሃው ፊቴን ሲያጥበኝ ጋሼ ከበረንዳ ሆነው፣ «ልጄ፣ ፈልግ አልኩህ እንጂ የውሃ ጉድጓድ አውጣልኝ አልኩህ?» አሉ። ቧንቧውን ስጠግን መሸ፤ ጉድጓዱን በወጉ ሳልሞላው ሄድኩ። ሲነጋ ዕቃዬን ልሰበስብ ተመልሼ እግሬ ገባበት፤ ቁርጭምጭሚቴ ዞረ። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀው ይባላል። እኔ አወቅሁት።

እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ስለ አሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ ያነበብኩት ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1881 ዋሽንግተን ባቡር ጣቢያ ውስጥ በጥይት ተመቱ። የስልኩ ሰው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል፣ ዛሬ የኛ ዲቴክተር አያት የምንለውን መሣሪያ ሠርቶ ጥይቱን ሊፈልግ ቤተ መንግሥት ድረስ ሄደ። አልተሳካለትም። አልጋው ባለ ብረት ሽቦ ነበር፤ ዋናው ሐኪም ደግሞ ጥይቱ በቀኝ በኩል ነው ብሎ ድርቅ ስላለ በግራ እንዲፈለግ አልፈቀደም። ጥይቱ ግን በግራ ነበር። ሐኪሞቹ በበኩላቸው ባልታጠበ ጣትና ባልጸዳ መሣሪያ ቁስሉን ደጋግመው ይጎረጉሩ ነበር። ፕሬዚዳንቱ መስከረም ላይ ሞቱ። ከጥይቱ ይልቅ የገደላቸው ጉርጎራው ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ስለ ፈላጊው ብዙ ይወራል፤ ጥፋቱ ያለው ግን ቆፋሪው እጅ ላይ ነው። የጋሼን ጓሮ አሰብኩና አፈርኩ።

እግሬ ሲሻለኝ 35 ዶላር ይዤ በእርጋታ መረጥኩ። የገዛሁት ጃፓኖች ሆሪሆሪ የሚሉት፣ ግማሹ ቢላ ግማሹ መኮትኮቻ የሆነ ነገር ነው። የመረጥኩት ከደረሰብኝ የተነሣ ነው። ብረቱ እጀታው ውስጥ እስከ መጨረሻው የዘለቀ አንድ ወጥ ነው፤ እንደ ማንኪያው አንገቱ አይታጠፍም። አንዱ ጠርዙ ሥር የሚቆርጥ የመጋዝ ጥርስ አለው። ስለቱ ስንዝር አይሞላም፤ ይህ ጉድለት ሳይሆን ጥቅሙ ነው፤ የኔ ዓይነቱ ዲቴክተር ሳንቲም የሚያየው ከአንድ ስንዝር ብዙም ሳያልፍ ነውና ዶማው ሲወርድ የነበረው ዲቴክተሩ ወደማያውቀው አገር ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ይፈልጋል፤ ሆሪሆሪው ራሱ ብረት ስለሆነ ስትፈልግ ራቅ አድርገህ ካላስቀመጥከው ዲቴክተሩ እሱን አግኝቶ ይጮሃል።

ጋሼ ጓሮ ተመለስኩ። ዲቴክተሩ ጮኸ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ነው። ሣሩን በፈረስ ኮቴ ቅርጽ ቆረጥኩና በአንድ ጎኑ ሳይላቀቅ እንደ ድስት ክዳን ገለበጥኩት፤ አፈሩን ፎጣ ላይ አጠራቀምኩ። አራት ጣት ያህል ወርጄ ጣቴን ሳስገባ አንድ ቀዝቃዛ ነገር ነካሁ።

የቢላዋ ጫፍ ናት።

አፈሩን መልሼ፣ ክዳኑን ገጥሜ፣ በእግሬ ረገጥ ረገጥ አደረግሁት፤ የተቆፈረ አይመስልም። ጫፏን በመዳፌ ይዤ ለጋሼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው አገላብጠው ካዩዋት በኋላ፣

«እንግዲህ እኩል ነው የተባባልነው። የቱ ጋ ነው የምንሰብራት?» አሉኝ።