ድርሳነ ሰሌዳ፤ ወይም ሞላሌ ላይ ስለሚነፋ ባለሞተር ፓድል ቦርድ የቀረበ ሐተታ

ፓድል ቦርድ፣ ማለት ቆመው የሚቀዝፉበት ሰሌዳ፣ የመንዟ ሞላሌ መግባቱን ሰምቶ «ሐይቁ የት አለና?» የሚል ሰው ገና ከፊደል ቆጣሪነት አላለፈም። የሊቅ ጥያቄ ስለ አየሩ ነው።

ሰሌዳው ተጠቅልሎ በቦርሳ ይመጣል። ሆዱ ውስጥ የላይኛውንና የታችኛውን ንጣፍ የሚያያይዙ በሺህ የሚቆጠሩ ክሮች አሉ፤ በ15 ፒኤስአይ ገደማ ግፊት ሲነፋ እነዚያ ክሮች ተወጥረው እንደ ሳንቃ ያደርቁታል። ይሁንና ሞላሌ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች የአየሯ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ጅቡቲ ወደብ ላይ ፖምፓውን 100 ጊዜ የሚገፋ ሰው እዚህ 120 ጊዜ ገደማ ይገፋል፤ ያውም የሚተነፍሰው ከዚያው ከሳሳው አየር ነው።

ወገቡ እስኪንቀጠቀጥ ሲገፋ የመለኪያው መርፌ ዜሮ ላይ ተኝቶ ይታያል። ይህ ምሥጢር ሁለት ፍች አለው። ፖምፓው ተበላሽቷል። አንድም፦ ሰሌዳው ቅርጹን ሞልቶ እስኪጠና መርፌ አይነሣም። እኛ ሁለተኛውን እናጸናለን። የመተንፈሻው እንብርት ወደ ላይ ብቅ ማለቱን ሳያይ ቱቦውን የነቀለ ግን ድካሙን ሁሉ በአንድ ፉጨት ያጣል፤ የጎረቤት ውሻም ይጮህበታል።

ይህን ጥበብ ከፈረንጅ የመጣ ነው የሚሉ ይታረሙ። የአባይ ዳር ሰው በተነፋ ስልቻ ሲሻገር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1968 ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የመሩት የእንግሊዞች ጉዞም አባይን የወረደው የሚነፉ ጀልባዎች ይዞ ነው። ፍየሉ በጎማ ተተካ፣ ሌላ ምን አዲስ ነገር አለ?

ስለ ውሃው ባጭሩ። የመንዝ ወንዞች ወደ አዳባይና ወንጭት፣ ከዚያም በጀማ አድርገው ወደ አባይ ይወርዳሉ፤ ከተራራው በስተምሥራቅ የዘነበው ወደ አዋሽ ነው። በበጋ ድንጋያቸው ይታያል፤ በክረምት ድንጋይ ያንከባልላሉ። ከሰሌዳው ሥር የሚገጠም ሞተር ሁለቱንም አይወድም። የቀረው ጣና ነው። በውርጭ ማለዳ ሞላሌ የተነፋ ሰሌዳ በመኪና ጣሪያ ባሕር ዳር ሲደርስ የቦታው ዝቅታ ከግፊቱ አንድ ተኩል ፒኤስአይ ያህል ይቀንስበታል፤ የሐይቁ ፀሐይ ደግሞ አሙቃ ያንኑ ያህል ትመልስለታለች። እንዲህ ያለ ሒሳብ ማንበብ የማያስደስተው ሰው ታንኳ ይከራይ።

ሞተሩን የሚያሽከረክረው የሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ መደረግ የለበትም። የሞላሌ ሌሊት ደግሞ የታወቀ ነው። ስለዚህ ባትሪው በባና ተጠቅልሎ ያድራል፤ ባለቤቱ በጋቢ። ማለዳ ፀሐይ ወጥታ ባትሪው ሲሞቅ፣ መብራት ይጠፋል።