በሞንታርቦ የመመነን ጥበብ

ድሮ ሰው ከራሱ በላይ ከፍ ለማለት ብዙ ይለፋ ነበር። ዋሻ ይፈልጋል፣ ጥሬ ይቆረጥማል፣ ከሰው ሸሽቶ ዓመት ይቆጥራል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በአንድ እግራቸው 7 ዓመት ቆመው እንደጸለዩ ገድላቸው ይተርካል። ምን ያድርጉ፣ በእሳቸው ዘመን ሞንታርቦ የለ! የዛሬዎቹ ልጆች ቢደርሱላቸው ኖሮ 7 ዓመቱን በ7 ሰዓት ጨርሰው ለምሳ ደብረ ሲና በገቡ ነበር።

እኛ ግን ዕድሜ ለአምፕሊፋየር፣ አቋራጩን አግኝተነዋል። የሚያስፈልገው አንድ አውቶቡስ፣ በጣሪያው ግራና ቀኝ የተሰቀሉ ስፒከሮች፣ ከኋላ ወንበር ሥር የተወሸቀ ቤዝና ሳይደጋግም ደሴ የሚያደርስ ፍላሽ ብቻ ነው። መስከረም 21 ግሸን ማርያም፣ ታኅሣሥ 29 ላሊበላ ሲቃረብ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚተመውን መኪና ያየ ነገሩን ያውቀዋል። በእንዲህ ያለው ጉዞ ረዳቱ ከነፍስ አባትም ይበልጣል፤ የተመስጦው ቁልፍ ያለው በእሱ አውራ ጣት ሥር ነውና። ነፍስ አባት ንስሐ ይሰጣል፣ ይገሥጻል፣ ጾም ያዛል። ረዳቱ ግን ቮሊዩም ጨምሮ ይገላግላል።

ለዚህ ጥበብ ከጣርማ በር የተሻለ ቦታ አላውቅም። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከደብረ ብርሃን ጀምሮ ሲከተል የመጣው ሜዳ ድንገት አልቆ ገደል ይሆናል፤ ጉሙ ከቆላ እየተግተለተለ ወጥቶ መንገዱን ይውጠዋል፤ ሹፌሩ በጠራራ ቀን መብራት አብርቶ በዳበሳ ይነዳል። ጉሙ ሲገለጥ ደግሞ ጭላዳው ከገደሉ አፋፍ ቂጢጥ ብሎ ሣሩን ሲነጭ ይታያል፤ ከሥሩ ያለው አገር ወደ አፋር ቆላ ድረስ ቁልቁል ይነጠፋል። ጤነኛ ሰው እዚህ ሲደርስ መስኮቱን ከፈት አድርጎ አፉን ይይዛል። ቀልቡ ያለ ምንም ክፍያ ይወሰዳል። ይህ ደግሞ አደገኛ ነገር ነው፤ ሰው በነጻ መመሰጥ ከለመደ የፍላሹ ነገር ምን ይሆናል? ስለዚህ ረዳቱ ጣርማ በርን ሲያይ ድምፁን ይጨምራል።

በአንድ እንዲህ ባለ ጉዞ አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት ነጠላቸውን ደርበው፣ ጠርዙ ያለቀ ዳዊታቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ መስመሩን በአውራ ጣታቸው እየተከተሉ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። ቤዙ ሲደልቅ ጣታቸው ይቆማል፤ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይመለሳል። እንደገና ይጀምራሉ፤ እንደገና ይቆማል። በመጨረሻ ቀና ብለው፣

«ልጄ፣ የእናትህ አምላክ ይጠብቅህና ትንሽ ዝቅ አድርግልኝ፤ ዳዊቴን ልድገምበት» አሉ።

«እማማ፣ መዝሙር እኮ ነው! ይመሰጡበት እንጂ!»

«ምን አልክ?»

መልሱን አልሰሙትም፤ እሱም ጥያቄያቸውን አልሰማም። ዳዊታቸውን ወደ ማኅደሩ መለሱና ነጠላቸውን ጆሯቸው ላይ ጠመጠሙ። እንዲህ ሆነና ሲጸልዩ ለነበሩ እናት ጸሎታቸው ተቋርጦ የጸሎት ማገዣ ተደረገላቸው።

የጣርማ በር ዋሻ ጋ ስንደርስ ነገሩ ሌላ ደረጃ ያዘ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ለጦር ካሚዮኑ ያስፈለፈለው ዋሻ ለእኛ በነጻ የተሠራ ስቱዲዮ ነው። ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ አንዱ ዘማሪ አሥር ሆነ፤ ሹፌሩም የበኩሉን በክላክስ አዋጣ። ከኋላ ወንበር አንድ ወጣት ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን እያወዛወዘ «ተወሰድኩ! ተወሰድኩ!» አለ። አልዋሸም፤ ሁላችንም ወደ ደብረ ሲና እየተወሰድን ነበር።

ወጣቱ የተሰማው ነገር የለም እያልኩ አይደለም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ያልተኛ፣ እህል ያልቀመሰ፣ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ የናፍጣ ጭስ እየማገ በጠመዝማዛ መንገድ የሚናጥ ሰው ቀልቡ ባለበት ቢቀመጥ ነበር የሚገርመው። መንሳፈፉም ሳይንስ አለው። ሁለት የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከ90 ዴሲቤል ያለፈ ወፍራም የሙዚቃ ድምፅ የውስጥ ጆሮን የሚዛን መጠበቂያ እንደሚቀሰቅስ፣ ሰውም እንደ ዥዋዥዌ ያለ ስሜት ሊሰማው እንደሚችል አመልክተዋል። ይህን ሁሉ ዕርገት የምታደርገው እንግዲህ በጆሮ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ከረጢት ናት። ከመኪና ከተወረደ በኋላ ጆሮ ውስጥ የሚቀረውን ጭውታ የመላእክት ዝማሬ ነው የሚል ቢኖር አልከራከረውም፤ ብከራከረውም አይሰማኝም። የዓለም ጤና ድርጅት 80 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ እንዳይሰማ ይመክራል፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ሒሳብ 101 ዴሲቤል ላይ የሳምንቱ ድርሻ 19 ደቂቃ ገደማ ነው። ከመገናኛ ተነሥተን ለገጣፎ ሳንደርስ አለቀ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው በሙሉ ትርፍ በረከት ነው።

«ታዲያ ቅዱስ ያሬድስ?» ይሉኛል የሞንታርቦ መናንያን። ያሬድ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር፣ ንጉሡ የተደገፉት ጦር እግሩን ወግቶት ደሙ እየፈሰሰ፣ ዜማው እስኪያልቅ ወጊውም ተወጊውም አላወቁም ይባላል። ይኸው፣ ሙዚቃ ሰውን ከሥጋው ያወጣል! ማለፊያ ማስረጃ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ ስንት ዋት ነበር? በሁለቱ መካከል የነበረው አንድ ጦር ነው። ንጉሡ ያሬድን ለመስማት ጠጋ አሉ እንጂ ያሬድ አክሱምን በሙሉ አላደነቆረም።

«ከበሮስ አይጮኽም?» ይጮኻል እንጂ! ማሕሌት የቆመ ሰው ግን መቼ እንደሚጮኽ ያውቃል። በቁም ዜማ ይጀመራል፤ መቋሚያውም ጸናጽሉም ከበሮውም ሥራ ፈትተው ያዳምጣሉ። ከዚያ ዝማሜው ይመጣል፤ መቋሚያው በቀስታ ወዲያና ወዲህ ያጋድላል፣ የካህናቱ ትከሻ አብሮት ይሄዳል። መረግዱ ሲደርስ ከበሮውና ጸናጽሉ ይገባሉ፤ ጽፋቱ ላይ ጭብጨባው ይፋጠናል። እዚያ ሲደረስ እግር ዝሏል፣ ጉሮሮ ደርቋል፣ ውጭ ዶሮ ጮኋል። ከበሮ መቺው ያልበዋል፤ ሲደክመው ማንገቻውን ከአንገቱ አውጥቶ ለጓደኛው ያቀብላል። የሌሊቱን መንገድ ሁሉም በእግሩ ቆሞ ስለመጣ ያ ጩኸት የሁሉም ነው። ሞንታርቦ ግን ከጽፋቱ ይጀምራል፣ በጽፋቱ ይውላል፣ በጽፋቱ ያድራል። አያልበውም፤ የሚደክመው ባትሪው ነው።

በገናም አልቀረላትም። አሥሩ ጅማት ከብርኩማው ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ እየገባች ያንን ነዘር ትሰጣለች፤ በዐቢይ ጾም ሰው አንገቱን ደፍቶ የሚያዳምጣት ለዚህች ነዘር ነው። ዘንድሮ ቤዝ ጨምረውላት የወፍጮ ቤት ድምፅ አውጥታለች።

የዛር ቤት እንኳ፣ ቤተ ክህነት የምትነቅፈው የዛር ቤት እንኳ፣ ሥርዓት ነበረው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ተቀምጦ እንደመዘገበው እያንዳንዱ ዛር የየራሱ ፉከራ አለው። ቡናው ተፈልቶ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ጭብጨባው የሚፋጠነው ጉሪ የሚባለውን የዛር ውዝዋዜ የምትወርደውን ሴት እያዩ ነው። የእኛ ረዳት የሚያየው ስልኩን ነው።

በውጭው ዓለምም ወዳጆች አሉን። ኋላ ኦሾ የተባለው የህንዱ መምህር በ1970 እ.ኤ.አ. የጀመረው የተመስጦ ዘዴ 1 ሰዓት ይፈጃል፤ በኃይል መተንፈስ፣ መጮኽ፣ መዝለል፣ መጨረሻ ላይም መጨፈር አለበት። የከተማችን የተመስጦ ወዳጆች ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ከጭፈራው በፊት ግን 15 ደቂቃ ባሉበት ድርቅ ብሎ ፍጹም ዝም ማለት የሚባል ክፍል አለው። እሱን ፍላሹ ላይ ሳይጭኑት ቀሩ።

ዢልቤር ሩዤ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ደግሞ በ1980 እ.ኤ.አ. በሙዚቃና ራስን በመሳት ላይ ወፍራም መጽሐፍ ጽፎ፣ ከበሮ በራሱ ሰውን የሚያስት ቢሆን ግማሹ አፍሪካ ዓመቱን ሙሉ ራሱን ስቶ ይኖር ነበር ብሎ ተሳልቋል። ሰውን የሚወስደው የመጣበት ጉዳይ፣ እምነቱና ያደገበት ሥርዓት እንጂ የድምፁ ብዛት አይደለም ባይ ነው። ሩዤ ይህን ያለው የእኛን አውቶቡስ ሳይሳፈር ነው። ቢሳፈርማ የመልሱን ጉዞም ባየ ነበር፤ በዓሉ አልፎ ደብረ ሲናን ወደ ላይ ስንያያዘው በዚያው ስፒከር የእስክስታ ዘፈን ይከፈታል። ያው ወጣት፣ ያንኑ ራሱን፣ በዚያው ፍጥነት ያወዛውዛል። ዋሻው ጋ ሲደርስም «ተወሰድኩ!» ይላል።

በበኩሌ ረዳቱን አልወቅሰውም። የሚፈለገውን አቀረበ። ሰው ዝም ሲል መጀመሪያ የሚሰማው የራሱን ጉድ ነው፤ የዕቁቡን ዕዳ፣ ከወንድሙ ጋር ያለበትን የመሬት ክስ፣ ሳይደውልላት የከረመችውን እናቱን። ባሕታዊው ዋሻ የገባው ከዚህ ጋር ፊት ለፊት ሊተያይ ነው። እኛ ዋሻውን በ1 ደቂቃ እናልፈዋለን፤ በዚያች 1 ደቂቃ እንኳ ጉዳችን እንዳይሰማ ድምፅ እናስጨምራለን። ያ ሁሉ ሲሸፈንልን የምትሰማንን እፎይታ ተመስጦ ብለናታል።

ስለዚህ ከመቃወም ማገዝ ይሻላል ብዬ አንድ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። በጣርማ በር ዋሻ ሁለት አፎች ቋሚ ሞንታርቦ ይተከል። ከስፒከሩ ሥር ያለው ወንበር ለልዩ ተመሳጮች በተጨማሪ ዋጋ ይሸጥ። መስኮት ከፍቶ ገደሉን ሲያይ የተገኘ ተሳፋሪ ሳይከፍል ተመስጧልና ቅጣት ይጻፍበት፤ ዳዊት ይዞ የተገኘ ደግሞ የግል መሣሪያ ይዞ እንደገባ ተቆጥሮ ማኅደሩ እስከ ደብረ ሲና በረዳቱ እጅ ይቆይ። ማስታወቂያውንም አርቅቄዋለሁ፦ የጉዞው ዋጋ መጓጓዣን፣ ቁርስን፣ ቲሸርትንና ዕርገትን ይጨምራል፤ የጆሮ ሐኪም ለየብቻ።